እሱ እያለ አልገባም

አባቴና እናቴ ሊፋቱ ነው ብዬ ያመንኩት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በመኪናችን ሽታ የተነሳ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ነኝ የደረስኩበት። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው በዓይኔ ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ በጆሮዬ የሰማሁትም ቃል በቃል ልክ ነበር። የሳትኩት ትርጉሙን ብቻ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር፤ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች እየፈረሱ አዲሶቹ በሚሠሩበት ሰሞን። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ግማሹ ተቦድሶ፣ የማናውቃቸው ሰዎች መኝታ ቤት ከነሮዝ ግድግዳው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። አባቴ ዘርይሁን በከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ባለው ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል። እናቴ እሌኒ እዚያው ኢቶቢኮ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። የሥራ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ጠዋት በአንድ መኪና ወጥተው ማታ በአንድ መኪና ይመለሳሉ። ትምህርት ሲዘጋ እኔ የምውለው ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ከሚኖሩት ከእትዬ ኤልፍነሽ ጋር ነው። እትዬ ኤልፍነሽ ባለቤታቸው ያረፉ፣ ልጆቻቸው ካልጋሪ የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው፤ በረንዳቸውን በትልልቅ የቲማቲም ቆርቆሮ ሞልተው በሶብላና ጤና አዳም ያበቅላሉ።

መኪናችን ከሌላ ሰው እጅ የተገዛች ብርማ ቫን ነበረች። አባቴ የቀድሞ ባለቤቷ ማን እንደነበር ከወንበር ሥር በሚያገኘው ነገር ይገምታል። አንድ ጊዜ የጎልፍ ኳስ ሲያገኝ ሐኪም ነው አለን፤ በኋላ የውሻ ማሰሪያ ሲያገኝ የእንስሳት ሐኪም ነው ብሎ አሻሻለው። ኤሲዋ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ትንፋሽ ይሸታል። ዝናብ የደበደበው ካርቶን፣ ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ የዋና ፎጣ፣ የሕንፃችን ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሦስቱ ባንድ ላይ። እውነቱን ለመናገር እኔ አልጠላውም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ የማስታውሰው ሽታ ነው፤ ለእኔ ወደ ቤት የመሄድ ሽታ ነበር።

ጁን መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሦስታችንም ገባን። አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ሊያደርስ፣ ከዚያ ሁለቱ ወደ ሥራ ሊሄዱ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀምሯል። አባቴ ኤሲውን ተጫነው። ከፓርኪንጉ ሳንወጣ እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሩን ከፈተችና ወረደች፤ ሄዳም የሕንፃውን ጡብ ተደግፋ ቆመች። አባቴ ተከትሏት ወረደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ የእሷን መልስ ግን በክፍት መስኮቱ ሰምቻለሁ።

«አልችልም ዘርይሁን። እሱ እያለ አልገባም።»

ስትናገር ጣቷ ወደ መኪናው ያሳያል። በጣቷና በመኪናው መካከል የቆመው አባቴ ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር፤ በአማርኛ ግን ሽታም እሱ ነው፣ አባትም እሱ ነው።

እናቴ በስትሪትካር፣ መንገዱ መሐል በሐዲድ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ሄደች። አባቴ እኔን ትምህርት ቤት አደረሰኝ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ጃስሚን እናቷና አባቷ የተለያዩት በዚያው ዓመት ነበር፤ እንዴት እንደጀመረ ቀደም ብላ ነግራኛለች። መጀመሪያ፣ ብላኛለች፣ አንድ መኪና ውስጥ መግባት ያቆማሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሥራ የምትሄደው በስትሪትካር፣ ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡሩ በሰብዌይ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሆነ። ትምህርት ተዘግቶ እትዬ ኤልፍነሽ ጋ መዋል ስጀምር ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ አያታለሁ። ዳንዳስ ጎዳና ላይ ካለው ፌርማታ ላይ ቆማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ትጠብቃለች። ስትሪትካሩ ሲመጣ ትገባለች። ከስትሪትካሩ ኋላ ደግሞ ብርማዋ ቫን አለች። ስትሪትካሩ በር ሲከፍት ትቆማለች፤ ሲሄድ ትሄዳለች። የኋላዎቹ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፉባታል፤ ማለፍ የምትችልበት ቦታ ላይ እንኳ አታልፍም። አባቴ ዓይኑ የስትሪትካሩ የኋላ መስኮት ላይ እንደተተከለ ከዚያ ከፍታ ሆኜ እንኳ ይታወቀኝ ነበር።

እየሰለላት ነው አልኩ በልቤ። ጃስሚን አባቷ እናቷን ይከታተል እንደነበርም ነግራኛለች።

እትዬ ኤልፍነሽ ከኋላዬ መጥተው በትከሻዬ በኩል ወደ ታች ተመለከቱና፣ «አይ ይሄ ሰው፤ እንዲህ አድርጎ እስከ የት ይዘልቀዋል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅም ሐዘንም ነበር። እኔ ሐዘኑን ብቻ ወሰድኩት።

አሁን የማውቀው አባቴ በየቀኑ እስከ ሰብዌይ መግቢያው ድረስ እንደዚያ እየተከተላት፣ ስትወርድ እንዳትወድቅ፣ ሰው እንዳይገፋት እየተመለከተ፣ መውረጃው ጥግ ላይ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያሰናበታት ወደ ሥራው ይሄድ እንደነበር ነው። በዚህ የተነሳ እያረፈደ ዌርሃውሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ለእናቴ አልነገራትም።

ከሥራ ሲመለስ ደግሞ መኪናው ላይ ይጠመዳል። መጀመሪያ ጥድ የሚመስሉትን ካርቶን ሽቶዎች መስታወቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ቫኗ የሻገተ ጥድ ሸተተች። ቀጥሎ ኮምጣጤ በሳህን አድርጎ ወንበሮቹ መካከል አሳደረ። ምንጣፎቹን አውጥቶ በሳሙና አሽቶ አጥሩ ላይ አሰጣ። ቤኪንግ ሶዳ ወንበሮቹ ላይ ነስንሶ እንደገና በቫክዩም መጠጠው። ወንበሮቹ ጸዱ፤ ኤሲው ሲከፈት ግን ያው ነው። ኤሲውን ትቶ መስኮት ከፍቶ ቢነዳም ፋኑ ራሱ ሽታውን ያመጣዋል፤ ሀይዌይ ላይ ደግሞ በዚያ ሙቀት መስኮት ከፍቶ መሄድ አይቻልም። በየደረጃው እናቴን ወርዳ እንድትሞክረው ይጠይቃታል። አንድ ጊዜ እሺ ብላው ፓርላመንት ጎዳና ድረስ ሄደው ነበር። እዚያ ወርዳ በእግሯ ስትመለስ በረንዳው ላይ ሆኜ አየኋት፤ ቫኗ ከእግረኛው መንገድ ጎን ጎን እያዘገመች አብራት ትመለሳለች።

በዚያው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አባቴ ለልጅቷ አንነግራትም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የሆነ ነገር እንዳለ እየገባት ነው፣ ምግብ አትበላም አለ። እናቴ መለሰች።

«እስኪጠና ድረስ አንነግራትም። እንደ አምናው ይሆንና ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ያኔ አማርኛዬ ግማሽ ነው፤ የሚገባኝን እይዛለሁ፣ የማይገባኝን ከማውቀው ጋር አጠጋጋለሁ። ጠና የሚለውን ቃል የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር። ደሴ ያሉት አያቴ ከመሞታቸው በፊት በስልክ፣ «ሕመሙ ጠንቶባቸዋል» ተብሎ ነበር። ስለዚህ ጠና ማለት ባሰ ማለት ነው። አባቴና እናቴ ነገራቸው እስኪብስ እየጠበቁ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቧንቧውን ከፍቼ ለረጅም ጊዜ እጄን ታጠብኩ።

ጽንስም ይጠናል፤ ያውም ሲጠና ነው ደስ የሚለው። ይህን ለማወቅ ዕድሜ ያስፈልጋል።

ሽታው ከወጣ እናቴ ትገባለች፣ ከገባች አይፋቱም ብዬ የማወጣው እኔ ራሴ ለመሆን ወሰንኩ። እትዬ ኤልፍነሽ ጤና አዳም ለሁሉ መድኃኒት ነው ይሉ ነበር፤ ለሆድ፣ ለራስ ምታት፣ ለክፉ ዓይን። ለመኪናስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ለመኪናም አይከፋም አሉና ሳቁ፤ አንድ እፍኝ ቆርጠው ሰጡኝ። ማታ አባቴ ምንጣፎቹን ሲያነጥፍ እየረዳሁት መስዬ ገብቼ፣ ንፋስ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በጤና አዳም ጠቀጠቅኳቸው። መስታወቱ ሥር ባለው ሰፊው ቀዳዳ ደግሞ የተረፈውን ሙሉውን ለቀቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሠርቶ እንደሆነ ለማየት አብሬው ወርጄ ኋላ ተቀመጥኩ፤ አባቴ ኤሲውን ሲከፍት ቫኗ ውስጥ ዶሮ የተለቀቀ ይመስል ነበር። ቅጠል ፊቱ ላይ ተበተነ፤ ከዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳ ጀመር። አጥፍቶ ቁጭ አለ። ከጺሙ ላይ አንድ ዘለላ አንስቶ አሸተተና ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ለምን እንዳደረግኩት ሲጠይቀኝ እማዬ ተመልሳ እንድትገባ ነው አልኩት።

«እኔም ለዚሁ ነው የምለፋው ኤፊ» አለኝ። «አንድ ላይ ብንሠራ ይሻላል።»

ቅዳሜ ወደ ኸይረዲን ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። ኸይረዲን አባቴ ደሴ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው፤ ኢቶቢኮ ውስጥ ከአንድ የጎማ መደብር ኋላ ትንሽ ጋራዥ አለው። እጁ ትልቅ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። እኔን ጎማ ላይ አስቀምጦ የማንጎ ጭማቂ ሰጠኝና ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን መሳቢያ ፈትተው አወጡት። ከኋላው የነበረው የአየር ማጣሪያ፣ ፊልተሩ፣ ሲወጣ መልኩ ፊልተር አይመስልም፤ ግራጫ ፀጉር ያበቀለ፣ የሜፕል ዛፍ ክንፋም ፍሬዎችና የእኔ ጤና አዳም የተሰገሰጉበት የአይጥ ጎጆ ነው። ኸይረዲን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለአባቴ አሳየውና የእንስሳት ሐኪሙ አንድ ታካሚ ረስቷል አለ።

ከዚያ ቫኗን ወደ ላይ አነሷት። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ያልበዋል፤ ላቡ በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት መፍሰስ አለበት። የእኛ ቱቦ ተደፍኖ ኖሮ ውሃው እዚያው ውስጥ ተኝቶ ሻግቷል። ኸይረዲን ሽቦ አስገብቶ ሲወጋው ጥቁር ውሃ ተንደቅድቆ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ከጎማዬ ላይ አስነሳኝ። አባቴ ግን አልሸሸም፤ ቆሞ ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከዚያም ጠብ ጠብ ሲል ያያል። በሰው ላይ ክፉ የሠራ ጠላቱ ሲባረር የሚያይ ሰው ይመስል ነበር።

የሚያጸዳውን አረፋ በቀዳዳው እየነፉ ሲጠብቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ጀመር። ኸይረዲን ስንት ሆናት ብሎ ጠየቀው። አባቴ ሦስት ልትደፍን ነው አለ። አምናም እዚህ ላይ ነው አይደል ያቃታት አለው። አባቴ አዎ፣ እዚህ ላይ ነው አለ።

ስለ ቫኗ የሚያወሩ መሰለኝ። ቫኗን ከገዛናት ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ አባቴ ደግሞ ሲናገር እጁን ጎኗ ላይ አሳርፎ ነበር። አጎንብሼ ያቃታት ቦታ የትኛው እንደሆነ ፈለግኩ። ስለ ሽታው የተባለውን ስለ አባቴ ነው ብዬ፣ ስለ እናቴ የተባለውን ደግሞ ስለ መኪና ነው ብዬ፣ ያን በጋ ሙሉ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳለፍኩት።

ቀና ስል የአባቴ ዓይን ቀልቷል። አረፋው ዓይኔ ገባ አለኝ። ኸይረዲን ውሃ በጣሳ አምጥቶ ሰጠው፤ ዘንድሮ ትጸናለች ኢንሻአላህ አለና ትከሻውን ያዘው። ለረጅም ዓመታት የኤሲ አረፋ ዓይን እንደሚያስለቅስ ለሰው እናገር ነበር።

ከመውጣታችን በፊት ኸይረዲን አንድ ነገር አስጠነቀቀ። መኪናዋን ከማጥፋታችን ጥቂት ደቂቃ በፊት ቅዝቃዜውን ዘግተን ፋኑን ብቻ እንድናስነፋ፣ ውስጧ ደርቆ እንዲያድር። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሲደርስ ቅዝቃዜውን ይዘጋዋል፤ ላብ እያጠመቀን እንገባለን።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ቫኗ ምንም አትሸትም ነበር። እኔ አሸተትኩ። እትዬ ኤልፍነሽም ተጠርተው ወረዱ፤ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀዝቃዛውን አየር ሲስቡ ቆይተው፣ ፋርማሲ ፋርማሲ ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም ብለው ፈረዱ። እናቴ ወረደች። ገባች። አባቴ ኤሲውን ከፈተ። እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቷን አያለሁ።

«ይሸተኛል» አለች።

እትዬ ኤልፍነሽ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አባቴ በእጁ ዝም አሰኛቸው። የለም አላላትም። ጸድቷል፣ ኸይረዲን እንዲህ አድርጓል፣ ሁላችንም አሽትተናል አላላትም።

«ይሸተኛል ካልሽ አለ» አላት። «እንግዲያው ትንሽ እንቀመጥ።»

በሯን ገርበብ አድርጋ፣ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ፣ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ወረደች። በማግስቱም ከእራት በፊት ተቀመጡ። በማግስቱም። ቫኗ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማ፣ ሞተሯ በርቶ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ግንቡን እያዩ ይቀመጣሉ። ጎረቤቶች ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ሊወጡ መስሎት ቦታውን ለመያዝ ቆሞ ይጠብቅና ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እኔን አንዳንዴ ኋላ ያስቀምጡኛል፣ አንዳንዴ በረንዳ ላይ እተዋለሁ። ከላይ ሳያቸው አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ ቃሉ አይሰማኝም። ጃስሚን እናቷና አባቷ እሷ እንዳትሰማ መኪና ውስጥ ይነጋገሩ እንደነበር ነግራኛለች። ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ እኔ ከማን ጋር እንደምሆን የሚነጋገሩ መሰለኝ። ከማን ጋር መሆን እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ ምን እንደምል ስለማላውቅ እንዳይጠይቁኝ ጸለይኩ።

ጁላይ አልቆ ኦገስት ገባ። አንድ አመሻሽ ሦስታችንም ተቀምጠን ነበር። የእናቴ በር ተዘግቷል፤ መቼ ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደጀመረች ልብ አላልኩም። ፋኑ ቀስ ብሎ ይነፋል። አባቴ ስለ አንድ ሥራ ባልደረባው እያወራላት ነው፤ ሰውዬው የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እየነዳ በሞባይል ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ በፓሌት ተደርድሮ የቆመ የሽንት ቤት ወረቀት ሙሉውን አፍርሷል። ወሬው መሐል ላይ አቆመ። የእናቴ ራስ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። ተኝታለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሞተሩን ቢያጠፋ ትነቃለች፤ ብንቀመጥም ምን ልናደርግ ነው። ስለዚህ ማርሹን አስገብቶ፣ ውሃ የሞላ ድስት እንደያዘ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ፓርላመንትን ይዞ ወደ ታች፣ ከዚያ የሐይቁን ዳር መንገድ፣ ሌክ ሾርን፣ ይዞ ወደ ምዕራብ። ፀሐይ ፊት ለፊታችን ሐይቁ ላይ እየወረደች ነው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያየሁት፤ ይኸው ደስታው አስፈራኝ። ምናልባት እየወሰዳት ነው፤ እንደተኛች፣ ሳታውቅ፣ የሆነ ቦታ ሊያደርሳት ነው አልኩ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቅኩት፤ በአማርኛ ቃሉን አላውቀውም ነበር። ልትፋቱ ነው ወይ አልኩት።

አባቴ ሐይቁ ዳር ወዳለ ፓርኪንግ ገብቶ ቆመና በመስታወቱ ተመለከተኝ።

«ማን አለሽ?»

«እማዬ። እሱ እያለ አልገባም አለች።»

የእናቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ነቅታለች። የምታለቅስ መስሎኝ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስትዞር ግን በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ለምን እንደሚስቁ ሳይገባኝ ማልቀሴን ቀጠልኩ።

«እሱማ ሽታው ነው የእኔ እናት» አለችኝ። «አባትሽንማ ከየት አምጥቼ ነው የምፈታው።»

ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱ ተያዩ። አባቴ እንንገራት ወይ አላት። እናቴ ወደ ሐይቁ ዞረች። ውሃው ዳር አንድ ሰው ውሻውን ያጥባል።

«ገና ነው፤ ግን ይሁን» አለች። «ብቻዋን ከምትፈራ ከእኛ ጋር ትፍራ።»

ወርዳ ኋላ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆዷ ውስጥ ልጅ እንዳለ፣ አምናም እንደነበረና እንዳልቆየ፣ የአሁኑ ይቆይ እንደሆነ እየጠበቁ እንደሆነ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እያደባለቀች ነገረችኝ። እጄን ወስዳ አስነካችኝ፤ ምንም የሚታወቅ ነገር የለም፣ የዩኒፎርሟ ጨርቅ ብቻ ነው። እስኪጠና ያላችሁት ስለ ሕፃኑ ነው ብዬ ጠየቅኳት። አዎ አለች። እንግዲያው መጥናት ጥሩ ነው ስላት፣ አባቴ ከፊት ሆኖ በጣም ጥሩ ነው አለ፤ በመስታወቱ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል። በዚያን ቀን አረፋ አልነበረም።

ያልነገረችኝም ነገር ነበር። እሱን የነገረችኝ እኔ ሃያዎቹን ካጋመስኩ በኋላ፣ ለዓይኗ ምርመራ በራሴ መኪና ስወስዳት ነው። እንዴት እንደተነሳ አላስታውስም። ከዚያ በጋ በፊት ባለው ኦገስት፣ ያ ልጅ የጠፋ ቀን፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሱት በዚያች ቫን ነው። ከባድ ዝናብ ነበር፤ መስኮት መክፈት አይቻልም፤ መስታወቱ በእንፋሎት ስለተሸፈነ አባቴ ኤሲውን ከፈተው። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ያን ሽታ እየሳቡ ነው የመጡት። ያ ቀን ለእኔ እትዬ ኤልፍነሽ ሁለት አይስክሬም የገዙልኝ ቀን ነበር፤ እናቴ ሆዷን አሟት ነው የተባልኩት። ዓመቱን ሙሉ ሽታውን ችላው ኖራለች። እንደገና ስታረግዝ ግን አልቻለችም። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ የገባ እንደሆነ ያን መንገድ እንደገና የምትሄደው ይመስላት ነበር፤ ያ መንገድ ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ ታውቃለች።

ለአባዬ ነግረሽው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልነገረችውም፤ ማቅለሽለሽ ነው ነበር ያለችው። እሱም አልጠየቃትም። ግን ያውቅ ነበር አለች። ለማቅለሽለሽ ብሎ መኪና እንደዚያ የሚፈታታ ሰው የለም።

ያን ምሽት ከሐይቁ ስንመለስ እናቴ ኋላ እኔን አቅፋ ነበር። ሰኞ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ፌርማታው ላይ አልነበረችም፤ ብርማዋ ቫን ከፓርኪንግ ወጥታ ስትሪትካሩን ቀድማ ሄደች። እትዬ ኤልፍነሽ እንደማያቸው አላወቁም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የፍርሃት ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃቱ የሦስታችን ነው። ዌርሃውሱ ውስጥ አባቴ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እንደሚደነግጥ ነገረኝ፤ እኔም ትምህርት ቤት ቢሮ ስጠራ እየሮጥኩ ነው የምሄደው አልኩት። የእናቴ ሆድ ወጣ። መጦሪያው ውስጥ ያሉ አንዲት ፖርቱጋላዊት አሮጊት በየቀኑ እጃቸውን እያሳረፉበት ወንድ ነው ይሏት ነበር። ልክ ነበሩ። ወንድሜ ባስልኤል ፌብሯሪ ውስጥ፣ በረዶው የመኪና ጎማ በዋጠበት ሳምንት ተወለደ።

ከሆስፒታል ያመጣናቸው እሑድ ነው። አባቴ እንደ በጋው ቀን፣ ውሃ የሞላ ድስት እንደያዘ ሰው፣ ነዳ። እናቴ ኋላ በሕፃኑ መቀመጫ ላይ እንዳጎነበሰች ነበር፤ እኔ በሌላው በኩል። ሕንፃችን በር ላይ ደርሰን ወረድን። አሮጌው ሊፍት ተበላሽቶ በደረጃ ወጣን፤ እትዬ ኤልፍነሽ ከፎቃቸው ጀምረው እልል እያሉ ተከተሉን፣ በየፎቁ በር እየተከፈተ የማናውቀው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ በየቋንቋው ይለናል።

የቤታችን በር ጋ ስንደርስ አባቴ ከፍቶ ለእናቴ መንገድ ለቀቀላት። እናቴ አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ የተጠረገውን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር የተዘረጋውን ትንሿን አልጋ። ያን የኦገስት ቀን በዚህ በር እንዴት እንደገባች ያኔ አላውቅም ነበር። ከዚያ ዝቅ ብላ ባስልኤልን ከብርድ ልብሱ ጋር ክንዴ ላይ አስቀመጠችው። እንዳልጥለው አባቴ እጁን ከእጄ ሥር አደረገ።

«አንቺ ይዘሽው ግቢ» አለችኝ። «እኔ ከኋላ ልየው።»

እሱን ይዤ ገባሁ።